ጭሱ ያልታየ ሰው ነዋሪ አይደለም

ሺህ ሰው በማይሞላባት ከተማ ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ የድንበር ጠባቂ አለ። ደሞዝ የለው፣ መለዮ የለው። ግን ከሌላ ግዛት የመጣ መኪና ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያድር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማንን ኤልክ፣ ያን ትልቅ የዱር አጋዘን፣ አድኖ ሊወስድ እንዳሰበ ከሾፌሩ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። የእናንተ ሰፈር ጠባቂ ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። የኛው፣ የሃርለን ክሪኩ፣ ክቡር ዴልማር ሆስኪንስ ናቸው።

ክቡር ዴልማር ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የወረዳውን በረዶ ጠራጊ መኪና ስለነዱ እዚህ አገር ያለው መንገድ ሁሉ የግላቸው ይመስላቸዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሎሬታ ምግብ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተተክለው ታርጋ ያነባሉ። የግዛታችን የዋዮሚንግ ታርጋ መጀመሪያው ላይ የወረዳ ቁጥር አለው። ሃያ ሦስት ካለ የኛ ሰው ነው፤ ሃያ ሁለት ካለ ሀብታም ጎረቤት ነው። ከነጭራሹ የሌላ ግዛት ታርጋ ሲሆን ግን ዴልማር ቡናቸውን ቀስ ብለው ያስቀምጣሉ።

"እኔ ምንም አልናገርም" ይላሉ። "ግን አይቼዋለሁ።"

"ኧረ አንተ ሰውዬ! ሽንት ቤት ፈልጎ እኮ ነው የቆመው" ትላለች ሎሬታ።

"ሁሉም ሲጀምር እንደዚያ ነው የሚለው።"

እኔ ከኔብራስካ የመጣሁት የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። እዚሁ ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ፣ እዚሁ ግብር እከፍላለሁ፣ ባሌንም የቀበርኩት እዚሁ ነው። ስሜ ኮሪን ነው፤ ዴልማር ግን ዘወትር "አንቺ ኔብራስካ" ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ስሜን ረስተውት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳየው ግን ዴልማር የሚረሱት ነገር የለም።

የጥርጣሬው ሁሉ ሥር ከከተማዋ በላይ ያለው ሸለቆ ነው። ቀንዳቸው እንደ ዋርካ የተንሰራፋ ወንድ ኤልኮች ያሉት እዚያ ነው። የሚሰጠው የአደን ፈቃድ ግን ጥቂት ነው፤ ከመቶው ሰማንያ አራት እጁ ለነዋሪ፣ አሥራ ስድስቱ ለውጭ ሰው። የውጭ ሰው በጠበቀ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምለታል፤ አሥር አሥራ አምስት ዓመት የታገሠ አንድ ቀን ይደርሰዋል። እኛ ነዋሪዎች ነጥብ የለንም፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ ዕጣ ነው። ዴልማር እስከ አምና ድረስ ሃያ ስድስት ጊዜ ሞልተው ሃያ ስድስት ጊዜ "አልደረሰዎትም" ተብለዋል። ያውም ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ለሚታየው ሸለቆ! እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አንድ ዓመት የግዛቱ ሹሞች ሕዝብ ሊያወያዩ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጡ። ዴልማር የሎሬታን የፖም ፓይ ከነትሪው ይዘው ተነሡ። በቢላዋ ከመቶው አሥራ ስድስት እጁን ቆርጠው አነሱና "ይህ የውጭ ሰው ነው" አሉ። "የቀረው ለኛ ነው ትላላችሁ። የታለ? ሃያ ዓመት ሙሉ ሹካ ይዤ ቆሜያለሁ!" ከዚያ የውጭ ሰውን ድርሻ እዚያው ቆመው በሉት። ከዋናው ከተማ የመጣው ሹም ፈገግ ብሎ ለሱም ትቆረጥለት እንደሆነ ጠየቀ።

"ነዋሪ ነህ?" አሉት።

ሕጉ ነዋሪ ለመባል አንድ ዓመት ሙሉ መኖር ይበቃል ይላል። ዴልማር ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው፦ ብርዱ በሚከፋበት የካቲት ላይ ከቤቱ ጭስ ማውጫ ጭሱ ያልታየ ሰው ነዋሪ አይደለም። በደረት ኪሳቸው ባለችው ደብተር ለየቤቱ "ጭስ አለ"፣ "ጭስ የለም" እያሉ ይጽፋሉ። አዲሱ የጥርስ ሐኪም በየካቲቱ ሃያ ስምንት ቀናት ውስጥ የጨሰለት ዘጠኙን ብቻ ነበር። ምስኪኑ ቤቱን በኤሌክትሪክ እንደሚያሞቅ ምሎ ተገዝቶ አስረዳ።

"በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰው መሄድ ያሰበ ሰው ነው" አሉና፣ የታመመች ጥርሳቸውን ለማስነቀል መቶ ሃያ ማይል ነድተው ሌላ ከተማ ሄዱ።

አምና ነገሩ ከፋ። ሐኪም የዳሌያቸው መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ካልተቀየረ እንደማይሆን፣ ከተቀየረም በኋላ ተራራ መውጣታቸው አጠራጣሪ እንደሆነ ነገራቸው። ሰኔ ላይ ዕጣው ወጣ፤ ለሃያ ሰባተኛ ጊዜ አልደረሳቸውም። ያን ቀን ታርጋ አላነበቡም። የመጨረሻ ዕድላቸው እንደነበረች እሳቸውም እኛም አውቀናል።

በጥቅምት የኦሃዮ ታርጋ ያላት መኪና ሎሬታ በር ላይ ቆመች። አርሊን ፕሩዚንስኪ ትባላለች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አሥራ አራት ዓመት ጠብቃ የላይኛው ሸለቆ ፈቃድ ደርሷታል። ይህን ስትናገር የሁላችንም ዓይን ዴልማር ወደተቀመጡበት መስኮት ሄደ።

"መሪሽ ማነው?" አሏት ዴልማር። ሸለቆው ጥብቅ ዱር ነው፤ የውጭ ሰው ያለ አገሬው መሪ ገብቶ ማደን አይችልም።

"ነበረኝ። ትናንት ፈረስ ጥሎት እግሩ ተሰበረ። ሌሎቹ ሁሉ ተይዘዋል።"

ዴልማር ፊታቸው በራ። እሷ እንደወጣች "ብቻዋን ልትገባ ነው!" አሉኝ። "የዱሩን ወሰን ምልክት ስታልፍ እጅ ከፍንጅ ነው የምይዛት፣ አንቺ ኔብራስካ። ትጽፊዋለሽ!"

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ፔርሙዛቸውንና የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ይዘው፣ የዱር ጥበቃውን ስልክ መዳፋቸው ላይ ጽፈው፣ ዱሩ ከሚጀምርበት ምልክት በታች ፒካፓቸውን አቆሙ። ሴትዮዋ መጣች። እስከ ምልክቱ ሄደች፤ ከዚህ ወገን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሲመሽ ተመለሰች። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላደርስላቸው ሄድኩ። ምን እደብቃለሁ፣ ልይም ነው የሄድኩት።

"እያዘናጋችኝ ነው" አሉኝ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሱ።

ያኔ ኤልኩ ወጣ። ከምልክቱ ወዲያ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ቆሞ አየን። አርሊን ጠመንጃዋን አነሳች። ዴልማር ስልካቸውን አነሱ። እሷ ረጅም ጊዜ አነጣጥራ ቆየችና ጠመንጃውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ኤልኩ ተዝናንቶ ሄደ።

ዴልማር በሩን በርግደው እያነከሱ ወረዱ። "ሴትዮ! አላየሽውም እንዴ?"

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ከምልክቱ ወዲያ ነዋ። ወደዚህ ይሻገር እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ገብተሽ ብትተኩሺ ማን ያይሻል?"

"እርስዎ ሦስት ቀን ሙሉ እያዩኝ አይደል?"

ዴልማር ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ እኔን እዚያው ትተው መኪናቸውን አስነስተው ወደ ከተማ ወረዱ።

አንድ የመሪነት ፈቃድ ወረቀት አለች። ማንኛውም ነዋሪ በነጻ አውጥቶ፣ ያለ ክፍያ፣ የውጭ ሰው ወደ ዱሩ መምራት ይችላል። ዴልማር ይቺ ወረቀት "የሌባ በር" ናት፣ ትሰረዝ ብለው አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፈዋል። ያን ቀን ራሳቸው ሊያወጧት ሲገቡ፣ የዱር ጥበቃው ቢሮ ያለው ልጅ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ጠየቃቸው አሉ።

"ጻፍ ልጄ፣ አታሹፍብኝ።"

የሎሬታን ወንድም ፈረሶች ተውሰው ሁለቱ አዛውንቶች ወደ ዱሩ ገቡ። ሁለት ቀን ቆይተው ኤልኩን ጭነው ወጡ። ምግብ ቤቱ ሞልቶ ጠበቃቸው። "እሺ፣ እንዴት ነበር?" አለች ሎሬታ።

"እኔ ምንም አልናገርም" አሉ ዴልማር። "ግን"ን ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም። ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ ከፍተውት ስለነበር አየሁ፤ ምን ላድርግ፣ ጋዜጠኛ ነኝ። "ኦሃዮ። ጭስ የለም። ሰው ናት" ይላል።

እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁባት። ሃያ ሁለት የካቲት እንጨት ማግጄ ኔብራስካ ነኝ፤ እሷ በአምስት ቀን ሰው ሆነች!

ጥር ላይ ዳሌያቸው ተቀየረ። ባለፈው ግንቦት ከዘራቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ኮምፒውተር ስለማያምኑ የዕጣ ማመልከቻቸውን በየዓመቱ የምሞላላቸው እኔ ነኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ላይኛው ሸለቆ። "አብሮ የሚያመለክት" የሚለው ጋ ስደርስ እንደ ወትሮው ባዶ ልተወው ስል ከዘራቸው ወለሉን መታች።

"በዚህ ዳሌ ብቻዬን ሥጋ ማውረድ አልችልም" አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። "የራስሽን ስም ጻፊበት።"

"አቶ ዴልማር፣ ሕጉ ይከለክላል እኮ። ከነዋሪ ጋር አብሮ ማመልከት የሚችለው ነዋሪ ብቻ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ኔብራስካ ነኝ።"

"ማንበብ እኔም እችላለሁ፣ ኮሪን" አሉ። "ጻፊ።"