የዘንዶው ግለ ሂስ

አገር የሚቆመው በሕግ ነው፤ ሕግም የሚቆመው በማብራሪያ ነው። ማብራሪያ የሌለው ሕግ እጀታ የሌለው ምሳር ነው፤ ስለት ቢኖረውም የሚይዘው የለም። ይህን ታላቅ እውነት ጠንቅቆ የተረዳ አንድ መሥሪያ ቤት ቦንጋ ላይ ነበረ፤ ለክብሩ ስንል ስሙን አንጠራውም። ኢሕአዴግ አገሩን ሁሉ በለውጥ ሠራዊት ባሰለፈበት በዚያ ዘመን፣ እዚያ መሥሪያ ቤት ያለ ማብራሪያ መስኮት እንኳ አይዘጋም ነበር። አንድ ክረምት ዝናቡ በመስኮት ሲገባ «መዝጋት ይቻላል ወይ?» ተብሎ የበላይ አካል ተጠየቀ። መልሱ ሲመጣ በጋ ሆኗል፤ እሱም «በአግባቡ ይፈጸም» የሚል ነበር።

አብነት እዚህ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ይተርተዋል፤ እሱ ይኖረዋል። በግምገማ ቀን ከግዥ ባለሙያዋ ከወይዘሮ ዓባይነሽ ትከሻ ጀርባ ይቀመጣል፤ የወይዘሮ ዓባይነሽ ትከሻ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ሁለት አብነት ይሸፍናል። እንዲህ ሆኖ ሂስ ሳይሰጥ፣ ሂስ ሳይቀበል፣ ስንቱ ኃላፊ ሲሾም ሲሻር በሰላም አሳለፈ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ሰው ነው። በኸይረዲን ሱቅ ጓዳ፣ በሳሙና ካርቶንና በስኳር ጆንያ መሃል፣ አራት ሆነው አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ጨዋታውን ጅማ ስትማር ለምዳ ይዛው የመጣችው ዝማሬ የምትባል የሒሳብ አስተማሪ ናት። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የተረት ሰው ይይዛል፤ ያ ሰው የራሱ ችሎታ አለው፤ ዝማሬ «ጫካ ውስጥ ናችሁ፣ ዘንዶ መጣ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» እያለች ትተርካለች፤ ያሉት ነገር ይሳካ አይሳካ ባለሃያ ፊት ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ ተወርውሮ ይታያል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል። የባለሱቁ ልጅ ዙሌካ ፈዋሽ ናት። ከአብነት ጋር አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራው የዕቅድ ባለሙያ ለገሰ ባለጎራዴ ነው። አብነት ደግሞ ጥላው የሚባል ሌባ ነው።

ጥላው ግን እንዲህ ዝም ብሎ ሌባ እንዳይመስላችሁ! ንጉሥ ፊት ቆሞ «ዘውድህ ጠቦሃል፣ አምጣው» ያለ ሰው ነው። ከገደል ዘሎ ሳቅ እያለ የተነሳ ሰው ነው። ለአለቃው «እንደምን አደሩ» ለማለት ሁለቴ ምራቁን የሚውጠው አብነት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጥላው አፍ ነገሥታትን ይሰድባል። እውነቱን ለመናገር ይወደዋል፤ እንደ ወንድሙ ይወደዋል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ የማንኪራን ጫካ በሚመስል ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ ዘንዶው እሳት ተፋና ጥላውን ለበለበው። ነፍሱ ልትወጣ ትንሽ ቀራት። አብነት ቶሎ ብሎ «ጥላ ውስጥ ገባሁ!» አለ፤ የጥላው ችሎታ ይኸው ነው፤ ጥላ ውስጥ ከገባ ማንም አያየውም።

«እኔ አድነዋለሁ!» አለች ዙሌካ።

«አታድኚውም» አለ ለገሰ። «ያንቺ ችሎታ የምታዪውን ሰው ማዳን ነው። እሱን ደግሞ ማንም አያየውም ተብሏል።»

«እኔ እኮ ጓደኛው ነኝ!»

«ማንም ሲባል ጓደኛን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ጥያቄው እሱ ነው።»

«ልውጣ እንዴ ታዲያ?» አለ አብነት ጨንቆት።

«ከወጣህ ዘንዶው ይበላሃል፤ ካልወጣህ በቁስልህ ትሞታለህ» አለች ዝማሬ፤ እሷም አዝናለታለች። «ቆይ ግን፣ የጨዋታው ዳኛ እኔ አይደለሁ? በቃ እኔ ልወስን።»

ለገሰ ክው አለ። «መወሰን? በምን አግባብ? ይሄ የመመሪያ ክፍተት ነው! ክፍተት የሚሞላው በማብራሪያ ነው እንጂ በዝማሬ ነው እንዴ?»

ዳይሱ ተሰበሰበ። ጥላው በሞትና በሕይወት መሃል እንደተንጠለጠለ፣ አብነትም እህል ሳይቀምስ፣ እሑድን ዋሉ።

ሰኞ ጠዋት ለገሰ ጉዳዩን ለኃላፊው ለአቶ ገሠሠ አቀረበ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ አቶ ገሠሠ ምንም የሚቆጫቸው ነገር የሌለ ሰው ናቸው። አብነት ተጠርቶ ገባ።

«አንተ ነህ የሞትከው?» አሉት።

«አልሞትኩም ጌታዬ። ገና ነኝ።»

«ጥሩ። ማብራሪያ ሳይሰጥ እንዳትሞት። ዘንዶውን የያዘው ማነው?»

«ዝማሬ ናት፤ አስተማሪዋ።»

«አይሆንም። ዘንዶነት ከባድ ኃላፊነት ነው፤ ለአስተማሪ አይጣልም። እኔ እይዘዋለሁ።»

ዓርብ ከሰዓት ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ገባ። ከዋጫ ድረስ በጭቃ የመጡ ባለጉዳዮች ኃላፊው አስቸኳይ የዘንዶ ጉዳይ ላይ መሆናቸው በአማርኛም በካፊኖኖም ተነግሯቸው ተመለሱ። ዙሌካና ዝማሬ በባለድርሻ አካልነት ተጋብዘው ከፊት ተቀመጡ። አቶ ገሠሠ ሰብሳቢም ዘንዶም ሆነው መድረኩን ያዙ።

«ችሎታ ብቻውን ችሎታ አይደለም» ሲሉ ጀመሩ። «ችሎታ ከችሎታ ጋር ካልተቀናጀ ማነቆ ነው። ስለዚህ ችሎታዎቹን አንድ በአንድ እንገመግማለን። አርአያ ለመሆን ከራሴ እጀምራለሁ።» ኮታቸውን ቆለፉ። «እኔ ዘንዶው ሦስት መንደር አቃጥያለሁ። ይህ የሆነው ከአቅም ማነስ እንጂ ከክፋት አይደለም። እሳት ስተፋ ሕዝቡን ያላሳተፍኩበት ሁኔታ ነበር። ወደፊት አስተካክላለሁ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለገሰ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ራሱን ያየ ዘንዶ ታይቶ አይታወቅም ተባለ፤ የተቃጠሉትን መንደሮች መልሶ የሚያቋቁመውን ግብረ ኃይል ዘንዶው እንዲመራም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ተራው የፈዋሿ ሆነ። «የምታዪውን ሰው ብቻ ማዳን ምን ይባላል?» ሲሉ ጠየቁ አቶ ገሠሠ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ቁስሉን ካላየሁ ምኑን ልከም?»

«ትውውቅ ይባላል! ኔትወርክ ይባላል!»

«ያ ረቢ!» ብላ ዙሌካ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

በመጨረሻ ጥላው ቀረበ። «ይሄኛውማ ጭራሽ ችሎታው መደበቅ ነው!» አሉ አቶ ገሠሠ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው። «መደበቅ ችሎታ ነው እንዴ? የግልጽነት ችግር ነው፤ የተጠያቂነት ችግር ነው። ይህ ችሎታ ይሰረዝ፣ ግለሰቡ ከጥላ ወጥቶ ይቅረብ፣ ዘንዶውም ተገቢውን እርምጃ ይውሰድ። የሚቃወም አለ?»

ማን ይቃወም! ጠረጴዛው እንኳ የተስማማ መሰለ። ከወይዘሮ ዓባይነሽ ጀርባ ያለው አብነት ግን ሆዱ ባባ። ያ ገደል የዘለለ ጀግና፣ ያ ንጉሥ ያልፈራ፣ በስብሰባ ሊበላ ነው። ደሙ ፈላ፤ ሳያስበው ቆሞ ተገኘ።

«አንድ ጊዜ!» አለ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም። «ጥላው ለምንድን ነው የሚደበቀው? እርስዎ ስለሚበሉት ነው! የማይበላ ዘንዶ ባለበት አገር ጥላ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል? ፈሪ እንዳትሉት፤ እዚህ ካለነው ውስጥ ንጉሥን ደፍሮ ተናግሮ የሚያውቅ ማነው? ጓደኛውስ በዓይኗ ባታየው ምናለበት፤ ቀስ ብሎ ‹ዙሌካ› ቢላት ድምፁን አውቃ እጇን ትዘረጋለታለች። ለዚህም ማብራሪያ ያስፈልጋል?»

ከዚያ ወይዘሮ ዓባይነሽ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ጭብጨባው ተከተለ፤ ጥበቃው ሳይቀር ከበሩ ላይ አፏጨ። አቶ ገሠሠ ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለማወቅ ቅጠል ማየት የሚያስፈልጋቸው ሰው አይደሉም።

«ገንቢ ሂስ ነው፤ ዋጥ አድርጌዋለሁ» አሉ። «ስለሆነም ጥላ ውስጥ የገባ ሰው ከጠላት እንጂ ከወዳጅ አይሰወርም። ማብራሪያው ይኸው ነው።»

ዝማሬ ዳይሱን እዚያው መድረኩ ላይ ወረወረችው። ሃያ! ጥላው ዳነ። ዙሌካ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች፤ አብነትም ሰው ሁሉ እያየው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ደስታው ግን ቀጣይ አጀንዳ ነበረው። «እንዲህ ያለ አንደበት ከሰው ትከሻ ጀርባ ሊባክን አይገባም» አሉ አቶ ገሠሠ። «ከሰኞ ጀምሮ አብነት የግምገማ ኮሚቴው ጸሐፊ ነው። ወንበሩም ከጎኔ ነው።»

«ኧረ ጌታዬ ይተዉኝ፣ በወላዲቷ!» አለ አብነት። ተጨበጨበ። በጭብጨባ የጸደቀ ነገር ደግሞ በልመና አይፈርስም።

ሰኞ ከፊት ተቀመጠ። ማክሰኞ ተናገር ተባለ፤ የሚለው ጠፋው፤ ምላሱ ግን የሚለውን አላጣም። «አንዳንዶቻችን ከሰው ጀርባ እየተደበቅን ግምገማ የምናሳልፍበት ሁኔታ ይታያል» ብሎ አረፈው። ወይዘሮ ዓባይነሽ ከላይ እስከ ታች አዩት። ረቡዕ ለገሰን በሥራ ሰዓት ዳይስ በኪሱ ይዞ በመገኘቱ ሂስ አቀረበበት፤ አቀራረቡም ተመሰገነ። ሐሙስ አቶ ገሠሠ ሻይ ጋበዙት፤ ሻዩም፣ ምን ይደረግ፣ ጣፈጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት ካፊያው እያረጠበው ወደ ኸይረዲን ሱቅ ወረደ። ጥላው ድኗል፤ ከጫካው ማዶ ገና ያልተሰደበ ስንት ንጉሥ አለ። ልቡ በደስታ ዘለለ። ከጓዳው የዳይስ ድምፅና ሳቅ ይሰማል። አንኳኳ። ሳቁ ቀጥ አለ።

«ማነው?» አለች ዙሌካ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፤ አብነት።»

ሹክሹክታ ተሰማ። አንድ ዳይስ ከጠረጴዛው ወድቆ መሬቱ ላይ ተንከባለለ፤ አንድ ሰው በእግሩ ረግጦ አስቆመው።

«ማንም የለም!» አለ የለገሰ ድምፅ።

አብነት በሩ ላይ እንደቆመ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን መዘዘ።

«እሺ» አለ፤ «ማን ማን ናችሁ የሌላችሁት?»