የብርቄ ዘመዶች

ተረት ልንገራችሁ። «ይኼማ ውሸት ነው» የሚል ካለ ከአሁኑ ተነስቶ ይሂድ፤ መሃል ላይ መቋረጥ አልወድም።

በድሮ ጊዜ በአንድ ጫካ ውስጥ ብርቄ የምትባል ወጣት ሚዳቋ ነበረች። ስትሮጥ ዓይን አይይዛትም። እናቷ ግን ወጥመድ እግሯን ስለሰበራት ወጥታ መመገብ አትችልም፤ ትንሹ ወንድሟ ሙጬ ደግሞ ገና ጡት መተዉ ነው። ስለዚህ ብርቄ ቀኑን ሙሉ ለሁለቱ ቅጠል ስታመላልስ ትውላለች እንጂ ልምምድ የሚባል ነገር አታውቅም።

ጫካው ከወንዝ ማዶው ጫካ ጋር በየዓመቱ ይሽቀዳደማል፤ በየዓመቱም ይሸነፋል። ውርደቱ የመረረው አንበሳ ሸንጎ ጠራና «ልጅቱ ትሩጥ፤ ቤተሰቧን እኛ እንቀልባለን» ብሎ ፈረደ። በየሳምንቱ አንድ ሸክም ለምለም ሳር ተቆረጠላቸው። እናትየው እልል አለች። ምን ታድርግ፣ እውነት መስሏት ነው።

በማግስቱ ዘመድ መምጣት ጀመረ። ጦጣ «ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ» አለች። ከርከሮ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እያለ ሳሩ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ አያ ጅቦ መጣና እናትየውን አገላብጦ ሳማት።

«የእናትሽ ወንድም ነኝ እኮ ልጄ፤ ረሳሽኝ እንዴ?»

እናትየው የእናቷ ወንድሞች ሁሉ ቀንድ እንደነበራቸው በደንብ ታስታውሳለች። ግን በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት የሳማትን ሽማግሌ «አላውቅዎትም» ማለት ነውር ነው። «ኖር!» ብላ ተነሳችለት። «በእግዜር» አለና ተቀመጠ።

ሳሩን የሚያከፋፍለው የሸንጎው ጸሐፊ ዝንጀሮ ነበር። «በዕድሜ ይሁን፤ እናት መቼም ኋላ ነው የምትበላው» አለ። ለእናትና ለልጆቿ የደረሳቸው የሸክሙ ማሰሪያ ብቻ ነበር። ብርቄም ጠዋት ትለማመዳለች፤ ከሰዓት እንደ ድሮዋ ቅጠል ትለቅማለች፤ አሁን ለዘመድም ጭምር። አያ ጅቦ ግን ድርሻውን አልነካም። «እኔን ሳር አይስማማኝም፤ የእኔ ይቆየኝ» ሲል ዓይኑ ሙጬ ላይ ነበር። ዝንጀሮ «እንዴት ያለ ቁጥብ ሽማግሌ ነው!» ብሎ አደነቀው።

የውድድሩ ቀን «የሯጯ እናት በክብር ቦታ ትቀመጥ» ተባለ።

«ልጁንስ ለማን ልተወው?» አለች እናት።

አያ ጅቦ ብድግ አለ። «እኔ አጎቱ እያለሁ? ሂጂ ልጄ፣ እጠብቀዋለሁ።»

እናትየው ዞራ ሙጬን አየችው። ዘመዶቹ ሁሉ አፍ አፏን ያያሉ። እምቢ ብትል ምን ይሏታል? ወይ ይሉኝታ! «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና እያነከሰች ሄደች።

ብርቄ መነሻው ላይ ቆማ እናቷን አየቻት። «እማዬ፣ ሙጬስ?»

«ከአያ ጅቦ ጋር ነው።»

ፊሽካ ተነፋ። ብርቄ እንደዚያን ቀን ሮጣ አታውቅም። የማዶዎቹ አቧራዋን እንኳ አላዩም። ውድድሩ የሚያልቀው ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበርና ስትጨርስ አልቆመችም፤ አንበሳን ከነሽልማቱ አልፋ ነጎደች። ጫካው በጭብጨባ ተናወጠ። ዝንጀሮ አንበሳን «አዩ ጌታዬ? ቤተሰብ ሲደገፍ ልጅ እንዲህ ይሮጣል» አለው።

ቤት ስትደርስ አያ ጅቦ በር ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን ይልሳል። ሙጬ የለም።

«እንኳን ደስ ያለን ልጄ!» አላት።

እናትየው ደርሳ ደረቷን መታች። ጫካው ሁሉ ለቅሶ መጣ። ሸንጎውም እዚያው ተሰብስቦ ሐዘኑን ገለጸ። ዝንጀሮ «ቤተሰቡ በአንድ ስለቀነሰ ሳሩም በዚያው ልክ ይቀነስ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ አያ ጅቦ እንባውን እየጠረገ ደገፈው።

አንበሳ ወደ እናትየው ዞሮ «የምትናገሪው አለ?» አላት።

«አለ ጌታዬ» አለች። «ሳትረዱን በፊት ርቦን ነበር፤ ግን ሦስት ነበርን።»