ጃፓንኛን ከአኒሜ፣ እምቢታን ከቤት

ሰው ቤት ገብተህ «ብላ» ስትባል በመጀመሪያው ጥሪ እጅህን የምትታጠብ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ያንተ አይደለም። በሰላም ሂድ። እኔ የምጽፈው ሆዱ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ለሚለው፣ ደግሞ ሲለመን «ኧረ በጭራሽ» ለሚለው፣ በሦስተኛው «በሞቴ» ሲባል ብቻ «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ለሚቀመጠውና ከተቀመጠ በኋላ ከሁሉም አብልጦ ለሚበላው ወገኔ ነው። ብዙ ነን። አገሩን ሞልተነዋል። ከመካከላችን በዚህ ምክንያት የሞተ ባይኖርም ተርቦ ወደ ቤቱ የተመለሰው ቁጥር ስፍር የለውም።

ሥርዓቱ ውብ መሆኑን አልክድም። ጠያቂው ደጋግሞ በመለመን ፍቅሩን ይገልጻል፤ ተጠያቂው ደጋግሞ በመግደርደር ሆዳም አለመሆኑን ያስመሰክራል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ተከባብረው ይበላሉ። ችግር የሚመጣው ከሁለቱ አንዱ ሥርዓቱን ሳያውቅ ሲቀር ነው። እኔን ያገኘኝ ይኸው ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ከትምህርት ክፍላችን አንደኛ ነበርኩ። ጃፓን ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር አንድ ሰው ተፈለገ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮው አስጠርቶኝ «ትሄዳለህ ወይ?» አለኝ። እኔም በሥርዓት እንዳደገ ልጅ አንገቴን ደፍቼ «ኧረ ከእኔ የሚሻሉ አሉ» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት አሮጌ መጻሕፍት ተራ ነው፤ ጡብ የሚያህል የጃፓንኛ መዝገበ ቃላት ገዛሁና ሁለተኛውን ጥሪ መጠበቅ ጀመርኩ። ኃላፊው ግን በማግስቱ ከእኔ ቀጥሎ የወጣውን ልጅ ላከ። ሁለተኛ ሳይጠይቀኝ! ነገሩ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። «ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ እሺ አላልክም?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ሰላምታ አቁሜአለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝ አይደለሁም፣ ግን አልለቀቅሁም።

መዝገበ ቃላቱ እኔን ተከትሎ ኪራይ ቤት ከኪራይ ቤት ሲዞር ኖሮ ቡራዩ ደረሰ። እዚያ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የምኖረው ኦቦ ደበላ ግቢ ውስጥ ነው። ኦቦ ደበላ የአገሩ ሰው ናቸው፤ ላሞች አሏቸው፤ ወተት ይሸጣሉ፤ እንደ ወትሮው በአማርኛ፣ ሲደሰቱና ሲገረሙ በኦሮምኛ ያወራሉ። ሴት ልጃቸው ጫልቱ ሆለታ አበባ እርሻ ትሠራለች። ማለዳ ሰርቪስ ይወስዳታል፣ ከሰዓት ይመልሳታል፤ በመሄጃውም በመመለሻውም ስልኳ ላይ አኒሜ የሚሉትን የጃፓን ፊልም ታያለች። ሌላው ተሳፋሪ ሲያንጎላጅ እሷ ጃፓን ደርሳ ትመለሳለች።

አንድ ቅዳሜ በሬ ላይ ቆማ ከወገቧ እጥፍ አለችና «ኦጃማሺማስ!» አለች።

«ምን አልሽኝ?»

«‹ልረብሽዎት ነው› ማለት ነው ቲቸር። ጃፓኖች ሰው ቤት ሲገቡ እንዲህ ይላሉ።»

«እስከ ዛሬ ስትረብሺኝ ምን ብለሽ ነበር የምትገቢው?»

ሳቀች። የመጣችው ለቁም ነገር ነበር። እርሻው አበባ የሚልክለት አንድ የጃፓን ድርጅት፣ ከሠራተኞቹ መካከል ጃፓንኛ የሚሞካክር አንድ ሰው ጃፓን ወስዶ ዓመት ሙሉ አበባ ማብቀልና ማዳቀል ሊያስተምር ነው። ቦታው አንድ ብቻ ነው። ጫልቱ ሦስት ዓመት ጽጌረዳ ስትቆርጥና ስታስር ኖራለች፤ እጇ በእሾህ ተዥጎርጉሯል፤ የምትቆርጠውን አበባ ማን እንዳዳቀለው፣ እንዴት እንደተዳቀለ ማወቅ ትፈልጋለች። ስለዚህ ጉዳይ ስታወራ ዓይኗ ይበራ ነበር። «እኔ አኒሜ አለኝ፣ እርስዎ ያ ትልቅ መጽሐፍ አለዎት» አለች። «በሞቴ ቲቸር!»

በመጀመሪያው ጥሪ እሺ አልኩ። «በሞቴ» ስላለችበት እንደ ሦስተኛ ቆጠርኩት።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ሳልዋሽ ልንገርህ፣ ከተመረቅሁ ወዲህ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ስልኳን ከስኳር ዕቃ ጋር አስደግፈን፣ መዝገበ ቃላቱን መካከል ዘርግተን፣ አንዷን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ እየመለስን እናያለን። እኔ ጎልማሳው ሰው «ካርቱን» ብዬ ስጀምር «ካርቱን አይደለም ቲቸር፣ አኒሜ!» ብላ ታርመኛለች። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ራሴ የሥራ ባልደረቦቼን ማረም ጀመርኩ።

ያስደሰተኝ ግን ቋንቋው ብቻ አልነበረም። ጠረጴዛውን ጠቦት በሚያህል ዓሣ፣ በሩዝ፣ በሾርባ ሞልታ ለእንግዳዋ «ምንም የለም እንጂ…» የምትል የጃፓን እናት ያየሁ ዕለት ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። «ምንም የለም»! አገሬ ናት እኮ! እኛስ ዶሮው ከነእንቁላሉ ቀርቦ «ምንም የለም» አይደለም የምንለው? ስጦታ ሲሰጡ «የማይረባ ነገር ነው» ይላሉ። ሲመሰገኑ «ኧረ ገና ነኝ» ይላሉ። ዕቃ በሁለት እጅ ይሰጣሉ፤ እኛም ክርናችንን ደግፈን እንሰጣለን። ይህን ሁሉ እያየሁ «ያ ኃላፊ የነፈገኝ አገር የገዛ ቤቴን ነው!» እያልኩ ደስታና ንዴት አንድ ላይ ያንገበግቡኝ ነበር። ደስታው ይበልጥ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

እርግጥ አኒሜ ሁሉ ጨዋ አይደለም። ጫልቱ መጀመሪያ ላይ የምታውቀው ጃፓንኛ ጎራዴ የታጠቁ ሰዎች ሲፎካከሩ የሚናገሩትን ነበር፤ «እባክዎ ውሃ ይስጡኝ» ስትል የሰማ ጃፓናዊ ቤቱን ጥሎ ይሸሽ ነበር። ስለዚህ አንድ ደብተር ለሁለት ከፈልን። በግራ ገጽ «ስድ»፣ በቀኝ ገጽ «ጨዋ»። የሽማግሌዎችን፣ የእናቶችን፣ የባለሱቆችን አነጋገር ወደ ቀኝ፤ የባለጎራዴዎችን ወደ ግራ። አንድ ጊዜ ክርክር ገባን። በአንዱ አኒሜ ላይ ፓስታ በሾርባ እየሠራ የሚሸጥ አንድ ልጅ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል እያየ «የዚህ ከተማ አንደኛ እሆናለሁ!» ብሎ ጮኸ። ጫልቱ በቀኝ ልትጽፈው ነበር።

«ስድ ነው» አልኳት። «ጨዋ ሰው ምኞቱን ጣሪያ ላይ ወጥቶ አይጮህም። ግራ!»

ግራ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ መጎንበስ ሆነ። ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና። ኦቦ ደበላ የወተት ጀሪካናቸውን ይዘው ቆመው አዩን። «ዋቃ ኮ! ባርሲሳ፣» አሉ፤ በኦሮምኛ «አምላኬ! መምህር፣» ማለታቸው ነው፤ «ልጄን የምታስተምራት ቋንቋ ነው ወይስ ስግደት? ላሞቹ እንኳ እናንተን እያዩ ጎንበስ ማለት ጀምረዋል።»

«ኦቦ ደበላ፣ ለሣሩ ይሆናል እኮ» አልኳቸው።

«ለሣሩ ቢሆንማ ቀና ባላሉ፤ ቀና ሲሉም አይቻቸዋለሁ።»

ፈተናው ቦሌ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ ኮሪደር ላይ ከጸሐፊዋ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የሁሉም ተፈታኝ ስም ዝርዝር ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ ሌሎቹ በየተራ ገብተው ወጥተዋል፤ ጫልቱ የመጨረሻዋ ናት። በሩ ሲዘጋ ጆሮዬን ጣልኩ። ከውስጥ የሴት ሳቅ ተሰማ። ሌላ ሳቅ።

ጫልቱ ፊቷ እያበራ ወጣች።

«እንዴት ነበር?»

«ቲቸር፣ ልንገርዎት! ጃፓናዊቷ ሴትዮ ደስ ሲሉ! ‹ጃፓንኛሽ ከአያቴ ጋር የምትኖሪ ነው የሚያስመስልሽ› አሉኝ። መጨረሻ ላይ ‹ከሁሉም አንደኛ አንቺ ነሽ፣ ትመጪልናለሽ ወይ?› አሉኝ።»

«እና? እና?»

«‹ኧረ እኔ ገና ነኝ፣ ከእኔ የሚሻሉ አሉ› አልኳቸው። ልክ እንዳስተማሩኝ! ጎንበስ ብዬ።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸውም ጎንበስ ብለው ‹ገባኝ› አሉኝ። አሁን እንደገና እስኪጠሩኝ ልጠብቅ ነው።» ብላ አጠገቤ ኩርምት ብላ ተቀመጠች፤ እጇን ጭኗ ላይ አነባብራ፣ ደስ ብሏት፣ «በሞቴ»ን እየጠበቀች።

ወዲያው የጸሐፊዋ ስልክ ጮኸ። «እሺ… እምቢ ብላለች?… ሁለተኛ ለወጣው ልደውል? እሺ» አለችና ጣቷን በስም ዝርዝሩ ላይ አወረደች።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገርህ? ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ኃላፊ ስረግም የኖርኩ ሰው፣ የእሱን ሥራ ያለ እሱ ጨረስኩት። ልጅቱ አበባ ልትማር ምኞቷን የሚናገር አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልጋት፤ እንዲህ ያለውን ቃል «ስድ» ብዬ በግራ ገጽ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ።

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። አንዲት ሽበታም፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ ሴት የሻይ ጽዋቸውን ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ነው። ወራት ሙሉ ያጠናሁት ጨዋ ጃፓንኛ ሁሉ ከራሴ ብን ብሎ ጠፋ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ የግራው ገጽ ብቻ ነበር። «ማቴ!» ብዬ ጮህኩ። «ቁም!» ማለት ነው። ባለጎራዴው ለሚሸሽ ጠላቱ የሚጮኸው።

ሴትዮዋ በተቀመጡበት ቀጥ አሉ። ጽዋውም አየር ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ግማሹ ጃፓንኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ እጅ ነበር፤ አዎ፣ ሦስት ግማሽ ነበረው። በእኛ አገር የመጀመሪያው «እምቢ» መልስ እንዳልሆነ፣ ሁለተኛውም መልስ እንዳልሆነ፣ ልጅቱ ከዚህ ሥፍራ በቀር በሕይወቷ የምትፈልገው እንደሌለ አስረዳሁ። «እባክዎ ደግመው ይጠይቋት» አልኩና እስከ ጉልበቴ ጎነበስኩ።

ሴትዮዋ ጽዋውን በቀስታ አስቀመጡ። ቀስ ባለ እንግሊዝኛ «እምቢ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ማስጨነቅ ነው» አሉ። «እኔ አላስጨንቃትም። አንተ መምህሯ ከሆንክ አንተው ጠይቃት። እኔ እሰማለሁ።»

አየህ? እኛን ጨዋነታችን እምቢ ያሰኘናል፤ እሳቸውን ጨዋነታቸው ደግመው እንዳይጠይቁ ይከለክላቸዋል። ሁለት ጨዋ ሕዝብ ጠረጴዛ ላይ ምግብ አስቀምጦ እየተሳገደ በረሃብ ሊያልቅ!

ጸሐፊዋን «አትደውዪ!» ብዬ ጫልቱን ጠራኋት። ገባች።

«ጫልቱ፣ ትሄጃለሽ ወይ?»

ወለሉን አየች። ከንፈሯ «ኧረ…» ሊል ሲላወስ አየሁት።

«ጫልቱ! ያ ፓስታ የሚሸጠው ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምን ነበር ያለው?»

«ስድ ነው ብለውኝ የለ ቲቸር?»

«ስድ ሁኚ! በሞቴ ስድ ሁኚ!»

ቀና አለች። ደረቷን ሞላች። ከዚያ በጃፓንኛ፣ ከሆለታ እስከ ቡራዩ አንገቷን ደፍታ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማው በኖረችው ድምፅ፣ «እሄዳለሁ! አበባ እማራለሁ! ከሁሉም እበልጣለሁ!» ብላ ጮኸች። የጸሐፊዋ ስልክ ከእጇ ወደቀ። ከማዶ ያለው ቢሮ በሩን ከፍቶ አየን። ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሲስቁ ቆዩና ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ዮሺ!» አሉ። መዝገበ ቃላቱን አላማከርኩም። «በቃ፣ ሆነ» ማለት እንደሆነ ፊታቸው ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን ራሳቸው ሞልተው በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ እሷም በሁለት እጇ፣ ሁለተኛ ሳትለመን ተቀበለች።

ታክሲ ውስጥ ለአባቷ ደወለች። የኦቦ ደበላ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለተሳፋሪው ሁሉ ደረሰ። «ቶሌ! ቶሌ!» አሉ መጀመሪያ በደስታ፣ መልካም ነው ሲሉ፤ ቀጥለው ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረና «እዚያ አገር ላም አለ?» ብለው ጠየቁ። «አለ አባዬ» ስትላቸው «እንግዲያው ሰው ይኖርበታል» አሉ።

እኔ መስኮቱን ይዤ አሰብኩ። ያ ኃላፊ በድሎኛል? በድሎኛል። ሁለተኛ ሊጠይቀኝ ይገባ ነበር፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ነገር ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉት አባቶች እኔን ባያውቁኝም ያዩኝ ይመስለኛል።

አንድ የደበቅሁህ ነገር አለ፤ ልንገርህ። እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብዬ አላውቅም። ድምፄን ከፍ ማድረግ ይከብደኛል። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬው ወርጄ፣ ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። በዚያ ቀን ግን፣ አስኮን አልፈን ቡራዩ እንደገባን፣ ከሆዴ አንድ ነገር ተነሣ።

«ወራጅ አለ!!!»

ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠው። ሁላችንም ወደ ፊት ተደፋን። «ጋሼ፣ መኪናዋ አልደነቆረችም እኮ!» አለ።

ጫልቱ በመስኮቱ አይታ በጆሮዬ «ቲቸር፣ ሰፈራችን ገና ነው እኮ፣ ሁለት ፌርማታ ይቀረናል» አለችኝ።

ተሳፋሪው ሁሉ እያየኝ ነው። በሩ ተከፍቷል። ሾፌሩ ዞሮ እንዳልተነሣሁ ሲያይ፣ በቀልዱ የተቆጣሁ መስሎት ይሆናል፣ ድምፁን አለሰለሰና «ይቀጥላሉ እንዴ ጋሼ? ችግር የለም፣ ይቀመጡ» አለ።

«ኧረ አይሆንም፣ እዚሁ ነን» አልኩት።

ወርደን በእግራችን ሄድን።