በረዶውን ያወገዝን እሁድ

አንድን ችግር ካወገዘው የተወገደ የሚመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ የላፍቶ ቀበሌያችን የውይይት መሪ ጓድ በላይ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እሁድ እሁድ አዳራሽ ሰብስቦን ድርቁንም፣ ቁንጫውንም፣ የአውቶቡስ እጦቱንም አውግዞልናል። ድርቁ ግን ስብሰባ አይመጣም ነበር።

ሞስኮ ለኮርስ ሄዶ በተመለሰ ሰሞን፣ ዓለም እየሞቀች በዋልታዎቹ ያለው የበረዶ ተራራ እየቀለጠ መሆኑን አረዳን። ባሕሩ ሞልቶ የወደብ ከተሞችን ሊውጥ ነው አለ። ጥፋተኛው የኢምፔሪያሊስቶች ፋብሪካ ጭስ ነው።

በውይይት ላይ ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው ንቃት ይጎድለዋል ይባል ስለነበር፣ ሲያንቀላፉ የቆዩት ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ አቶ ሽኩር ብድግ አሉ።

«ጓድ፣ የወዳጆቻችን የሶቪየቶች ጭስስ ወዴት ይሄዳል?»

ጓድ በላይ መነጽሩን አወለቀ። እኔም ከአቶ ሽኩር ትንሽ ፈቀቅ አልኩ። ወዲያው ግለሂስ እንዲያደርጉ ታዘዙ።

«ጭስ ሁሉ አንድ መስሎኝ ነው፤ ንቃቴ አንሶ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። ተጨበጨበላቸው።

ከዚያ ግራ እጃችንን ጨብጠን አነሳንና፣ የበረዶውን መቅለጥ በጥብቅ የሚያወግዝ የአቋም መግለጫ በሙሉ ድምፅ አጸደቅን።

በረዶው ዛሬም እየቀለጠ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኛ እንግዲህ የድርሻችንን ተወጥተናል። አቶ ሽኩርም ከዚያ ወዲህ ጭስ ሲያንቃቸው እንኳ፣ የማን ጭስ እንደሆነ ሳያጣሩ አይስሉም።