ሰዓቱን ያልተጫኑት ሊቅ

በየቼዝ ክበቡ ሽንፈት የማይደፍራቸው አንድ ሰው አይጠፉም። አንዴ ጉንፋን ይዟቸው፣ አንዴ ወንበሩ ተነቃንቆባቸው፣ አንዴ ተጋጣሚያቸው ሽቶ አብዝቶባቸው ነጥብ ይጥላሉ እንጂ፣ መሸነፉንስ ተሸንፈው አያውቁም። እኛ ክበብ እኚህ ሰው "ሊቁ" ይባላሉ። "በመርህ ደረጃ አሸንፌያለሁ" ይላሉ ጨዋታ በጠፋባቸው ቁጥር፤ የዳኛው ወረቀት ግን ለመርህ ቦታ የለውም።

ዘንድሮ በውድድሩ የመጀመሪያ ዙር የደረሳቸው የክበባችን አባል የሆነው ፀጉር አስተካካይ ነው። በደረጃ ነጥብ ሰባት መቶ ይበልጡታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገጥሟቸው፣ ማሸነፍ ይቅርና አቻ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። አንዲት ድል ብቻ! ከዚያ ወዲያ ቢሞትም ግድ የለውም።

"መጣህ? ቶሎ እንጨርስና ወደ ሥራህ ትሄዳለህ" አሉት።

"እሺ ጋሼ።"

ሊቁ ተቀምጦ ማሰብን እንደ ውርደት ይቆጥሩታል። አንድ ጠጠር ያንቀሳቅሱና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሰው ጨዋታ ላይ ከንፈር ለመምጠጥ ይሄዳሉ። ያን ቀን ፈረሳቸውን አንቀሳቅሰው ሲነሱ፣ ተራው ወደ ተጋጣሚ እንዲዞር የሚጫነውን ሰዓት መጫን ረሱ። ጊዜያቸው ይፈስ ጀመር፤ ካለቀ መሸነፍ ነው።

ተጋጣሚ የማስታወስ ግዴታ የለበትም፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ይችላል። ፀጉር አስተካካዩም ዝም አለ። ሃያ ደቂቃ ቀራቸው። አሥር። አምስት። ዓይኑን ከሰዓቱ አልነቀለም። ሊቁ ወዲያ ጥግ ቆመው የማያውቁትን ሰው ይታዘባሉ።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ "ጋሼ፣ ሰዓትዎ!" ብሎ ጮኸ።

እየሮጡ መጡ። ቁጭ ብለው፣ ሳይተነፍሱ ተጫውተው፣ አሸነፉት።

"አያችሁ? ሁለት ደቂቃ በቃኝ!" አሉ ለአዳራሹ። አመሰግናለሁ የምትባል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም።

የክበቡ ጸሐፊ ንዴቱን መቻል አቃተው። "አንተ ጅል! ዝም ብትል እኮ አሸንፈህ ነበር!"

"አውቃለሁ። አንጀቴ አርሯል" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጠጠሮቹን እየለቀመ። "ግን በኔ ቢሸነፉ እፍረቱን አይችሉትም፣ ከክበቡ ይቀራሉ። እናንተ ደረጃዬን አይታችሁ ፊት ስታዞሩብኝ፣ በየሳምንቱ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።"



"ና እንጂ!" ሲሉ ተጣሩ ሊቁ ከወዲያ፣ ሌላ ሰሌዳ ዘርግተው። "የት ላይ እንደተሳሳትክ ላሳይህ!"

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣ "መጣሁ ጋሼ" አለ።