የወይዘሮ ብዙነሽ ጉልበትና ሦስት ዲግሪ

እኛ ዘንድ ክርክር የሚቋጨው በማስረጃ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የሚቋጨው በዕድሜ ነው። "አንተ ሳትወለድ" የተባለ ሰው የዓለም ማስረጃ ሁሉ በእጁ ቢሆን እንኳ አፉን መዝጋት ይጠበቅበታል። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ብለው የተረቱት አባቶች ዶክተር አይታረም የሚለውን የተዉት በዘመናቸው ዶክተር ስላልነበረ ይመስለኛል።

እኔ ለክርክር የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። በሬን ቆልፌ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ የምፈትሽ፣ ከፈተሽኩም በኋላ የምጠራጠር ነኝ። ሥራዬ ግን ለሐኪሞች "ተጣሟል" ማለት ሆነ። ያረጀ ጉልበት በብረት ሲተካ አጥንቱ የሚቆረጠው ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን መስመር ጠብቆ መሆን አለበት። ተጣሞ የገባ ብረት፣ ልክ ተጣሞ እንደተገጠመ የመኪና ጎማ፣ በአንድ ወገን እየተበላ ያልቃል። ይህን የምትጠብቅ መዳፍ የማትሞላ መሣሪያ አለች። አጥንቱ ላይ ትታሰራለች፤ ሐኪሙ እግሩን ወዲያ ወዲህ ሲያወዛውዝ የዳሌውን መሀል ፈልጋ ታገኛለች፤ ከዚያ መጋዙን የሚመራው መቁረጫ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ታሳያለች። እኔ እሷን ይዤ ከሆስፒታል ሆስፒታል እዞራለሁ።

አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ወይዘሮ ብዙነሽ ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል። ከአያት ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት ከሌለው አራተኛ ፎቅ፣ ልጆቻቸው በወንበር ተሸክመው ነው ያወረዷቸው። ይህ ጉልበት ካልተሳካ የቸርች ወዳጆቻቸውን በመስኮት ሰላም እያሉ መኖር ነው። ማደንዘዣው ከወገብ በታች ስለሆነ ከመጋረጃው ማዶ ነቅተው መዝሙር ያንጎራጉራሉ።

ዶክተሩ ስመ ጥር ናቸው። መሣሪያዋን የታገሡት ሆስፒታሉ እንሞክራት ስላለ ብቻ ነው። መቁረጫውን በዓይናቸው ለክተው አሰሩና መጋዝ ጠየቁ። መሣሪያዋን አየሁ፤ ሦስት ዲግሪ ወደ ውስጥ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማንን ይመስላችኋል? ራሴን! ይቅርታ ጠይቄ እግሩን እንደገና አስወዛወዝኳቸው። ሦስት። ነርሷ ማሰሪያውን ነካ ነካ እንድታደርግልኝ ለመንኩ፤ አልላላም። አሁንም ሦስት።

"ዶክተር፣ ሦስት ዲግሪ አዘንብሏል" አልኩ። መሣሪያህን አስተካክል አሉኝ። መሣሪያዋ ደህና ናት አልኩ። ይህን የተናገረው ማነው ብዬ ዞር ልል ምንም አልቀረኝም። ቡልቡላ ውስጥ አጥር የሚገነባ ግንበኛ ቱንቢ ሲጥል ዓይንህን ናቅኸው የሚለው አለ? የሰው እግር ከአጥር አነሰ? ይህን ያሰብኩት ነው። ያልኩት ግን፣ "አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም፤ እኔ ልክ ነው ብዬ አልመሰክርም" ነው።

ዶክተሩ መጋዙን እንደያዙ፣ "ስማ ወንድሜ፣ እኔ ጉልበት መሥራት ስጀምር አንተ አልተወለድክም" አሉ።

አለቀ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

መዝሙሩ መቆሙን ልብ ያለው ግን አልነበረም። ከመጋረጃው ማዶ፣ "እኔስ በዚህ እግር መሄድ ስጀምር አንተ ተወልደህ ነበር?" የሚል ድምፅ መጣ። ዶክተሩ ደንግጠው፣ እማማ አይጨነቁ፣ የሙያ ወሬ ነው አሉ። "ወሬው በማን እግር ላይ ነው? ልጁ ተጣሟል እያለህ ነው፤ አቃናዋ!"

ዶክተሩ መጋዙን አስቀመጡ። መረጃው አላሸነፋቸውም፤ በዕድሜ ተበለጡ። መቁረጫውን ፈትተው፣ ቁጥሩን እያዩ እንደገና አሰሩ። ዜሮ። ነርሷ በጭምብሏ ውስጥ ትስቃለች፤ ወይዘሮ ብዙነሽ መዝሙራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ሰነበትኩ። አልተባረርኩም እንጂ ብባረርም ቁጥሩ አይለወጥም። ነገም ሦስት ካየሁ ሦስት እላለሁ።

ወይዘሮ ብዙነሽ አሁን ከአራተኛ ፎቅ በራሳቸው እግር ይወርዳሉ። ተራው የግራው ጉልበት ነው። በቀጠሮው ዕለት ዶክተሩ እኔንም ጠሩኝና መሣሪያዋ እንድትመጣ በሰው ፊት አዘዙ። ልቤ አበጠ። ቀጥለው ወደ ወይዘሮ ብዙነሽ ዞሩና በታላቅ ትሕትና፣ "እማማ፣ በዚህኛው ግን ሙሉ እንቅልፍ ብንሰጥዎት ይሻላል፤ ለእርስዎ ድካም ብዬ ነው" አሉ።

ወይዘሮ ብዙነሽ ከራስ እስከ እግራቸው አዩዋቸው።

"ለመተኛትማ ቤቴ አልጋ አለኝ።"