በሐኪም ሥራ የማይገቡት ወይዘሮ ለተሰንበት

ምንም የለም።

ዶክተሩ ዛሬ ረፋድ ላይ ያሉት ይህንኑ ነው። የደረት ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩ፤ የበሽተኛዋን ብብት በጣታቸው ደጋግመው ዳበሱ፤ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ኒየንተ። ምንም የለም። ከስድስት ወር በኋላ ብቅ በሉ» አሉ። የሹመት ዜና ሰምተን እናውቃለን፤ የልጅ መወለድም ሰምተናል፤ «ምንም የለም» የሚያህል የምሥራች ግን በዚህ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም።

የምሥራቹ የማን ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ያከራክራል። በአካል ከሆነ የይመኙሻል ነው። ጡቷ ላይ የወጣውን እጢ በቀዶ ጥገና ያስወጣችው፣ ከዚያም ያንን ጠጉር የሚያረግፍ መርፌ እስከ መጨረሻው የተወጋችው እሷ ናት። በጭንቀት ከሆነ የባሏ የገብረመድኅን ነው። ነገር ግን ወይዘሮ ለተሰንበት የሰሙት እንደሆነ የምሥራቹ ጠቅላላ የእሳቸው እንደሚሆን፣ በሰፈራችን፣ በአስመራው ማይ ጭሆት፣ የሚጠራጠር ሰው የለም።

ሐኪም የሌለበት አገር አለ፤ መንገድና መብራት የሌለበትም አለ። ወይዘሮ ለተሰንበት የሌሉበት ሰፈር ግን እግዚአብሔር አልፈጠረም። ስማቸው ይለያይ እንጂ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ሰው ያሳለው እንደሆነ፣ ሳሉን ሳይጨርስ በሩ ላይ ናቸው። የእኛዋ፣ ክብርት ወይዘሮ ለተሰንበት፣ የእዳጋ ሓሙስ ገበያ ልብስ ሰፊ፣ የማይ ጭሆት ባለሙሉ ሥልጣን ሐኪም፣ የጉንፋን፣ የወገብና የእንቅልፍ ማጣት የበላይ ጠባቂ ናቸው። የሕክምና ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት ደንበኛ ሲለኩ ነው። ሜትሩን ወገብ ላይ ጠምጥመው፣ ቁጥሩን ከማንበባቸው በፊት ኩላሊቱን መርምረው ይጨርሳሉ።

በሽተኛ ቤት ሲገቡ የሚሏት አንዲት ቃል አለቻቸው፦ «እኔ በሐኪም ሥራ አልገባም፤ ግን...» ከ«ግን» በፊት ያለው አንድ ትንፋሽ ነው። ከ«ግን» በኋላ ያለው እስከ ምሳ ይወስዳል። መጨረሻው ላይ «የተፈተነ ነው» ይታከልበታል። ማን ላይ እንደተፈተነ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም።

ገብረመድኅን ይህችን «ግን» መጀመሪያ የሰማት ይመኙሻል ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ነው። እሱ ከጎጃም ወደ ጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ የመጣ፣ ማኅተም የሌለው ነገር የማያምን ሰው ነው። ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ፣ ጠያቂው ሁሉ ከንፈር እየመጠጠ፣ ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ሳለ፣ አንዲት አጭር ሴትዮ ዘንቢል አንጠልጥለው ገቡ።

«እንዴት አደራችሁ። እኔ በሐኪም ሥራ አልገባም፤ ግን ይህች ልጅ ይህን ግድግዳ ስታይ ትዋል ያለው የትኛው ሐኪም ነው?»

አልጋው ዞረ። መስኮቱ ተከፈተ። ጠያቂዎቹ ወደ ሳሎን ተባረሩ። በልቅሶ ስማቸው የታወቀው ጎረቤታችን ወይዘሮ ኣምለሰት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሲገቡ፣ ወይዘሮ ለተሰንበት በሩ ላይ ቆመው፣ «ለማልቀስ ከሆነ ነገ ነይ፤ ዛሬ ሞልቷል» አሏቸው። ጠቅላይ ግዛቱን ሊያስተዳድር የመጣው ሰው በሳምንቱ የገዛ ጓዳው ከእዳጋ ሓሙስ ጋር ተዋሕዶ አገኘው። ድምፅ ስጥ ያለው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ በየዓይነቱ ጎረፈ። ከመርፌው በኋላ ለሚመጣው ማቅለሽለሽ ዝንጅብል ከሎሚ ጋር ተፈላ። ጥቁር አዝሙድ በማር ተለወሰ። ነጭ ሽንኩርት ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ታዘዘ፤ የታዘዘው ግን ለባልየው ነው።

«እትዬ ለተሰንበት፣ የታመመችው እሷ ናት» አለ ገብረመድኅን።

«እወ፣ አውቃለሁ። አንተ ከተኛህ ግን ማን ሊያስታምማት ነው? ዋጥ አድርገው፣ ወደይ፣ ልጄ። የተፈተነ ነው።»

ዋጠው። በየጠዋቱ ዋጠው። ቢሮ ውስጥ ከፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ደርበው መጀመሪያ መስኮት ከፈተ፤ ቀጥሎ ጠረጴዛውን አራቀ፤ በመጨረሻ፣ «ገብሬ፣ ወንድሜ፣ እኛንም እያስታመምከን ነው» አለው።

በቀዶ ጥገናው በኩል ያለው ክንዷ እንዳይደርቅ ዶክተሩ ይመኙሻልን እጇን ወደ ላይ እያነሳች እንድታንቀሳቅስ አዘዋት ነበር። አመማትና ተወችው። ወይዘሮ ለተሰንበት የልብስ ማስጫውን ገመድ ከፍ አድርገው አሰሩ፤ ከዚያ በግቢው ዞረው የሁላችንንም የታጠበ ልብስ ሰበሰቡ። ይመኙሻል የጎረቤት አንሶላ እያነሳች፣ «የሰው ሱሪ ሳሰጣ ልሙት ነው?» እያለች፣ መጀመሪያ እያለቀሰች፣ በኋላ በሱሪዎቹ ቀዳዳ እየሳቀች፣ ሁሉንም አሰጣች። ክንዷ ገመዱ ላይ የደረሰ ቀን ገመዱ እንደገና ከፍ አለ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሽርሽር ይወጣሉ። ሽርሽሩ ለይመኙሻል እግር ነው የተባለው፤ ነገር ግን ወይዘሮ ለተሰንበት በየሱቁ ደጃፍ ቆመው የባለሱቁን ጉልበት፣ የሚስቱን ደም ብዛት፣ አንዴም የጋሪ ፈረስ ጥርስ ሳይመረምሩ አያልፉም። ባለጋሪው፣ «አደይ፣ ፈረሱ እኮ አልታመመም» ቢላቸው፣ «እሱ አልነገረህ ይሆናል» ብለውት አለፉ።

ገብረመድኅንን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ያስመኘው ግን የሆስፒታሉ ቀን ነው። ወይዘሮ ለተሰንበት በየመርፌው ቀን ዘንቢላቸውን ይዘው አብረው ይገባሉ፤ ዘንቢሉንም የዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፉታል። ዶክተሩ አስመራ ያረጁ ጣሊያናዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ከትግርኛ ጋር ተጋብቶ ከጣሊያንኛ የወለደው ነው።

«ሲኞራ ለተሰንበት፣ ዛሬ ምን አመጣሽ?»

«እኔ በሐኪም ሥራ አልገባም፤ ግን ይህን እየው።»

ዶክተሩ አንድ በአንድ እያነሱ ያሸታሉ። ዝንጅብሉን፣ «ቤኔ፣ ለማስመለሱ ይሁን።» ማሩን፣ «ይሁን።» ጥቁር አዝሙዱን፣ «ለዳቦ።» አንድ ቀን ከቆላ የመጣ ጥቁር ሥር አነሱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህን ማን ነው የሚጠጣ?»

«እሷ።»

«ኣይፋልን፣ አይሆንም። ከመርፌው ጋር ከሆነ ጉበቷን ይገድላል» ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ወይዘሮ ለተሰንበት ሲወጡ፣ «አላወቀውም» ብለው አጉረመረሙ፤ ሥሩን ግን ዳግመኛ አላመጡትም። ይመኙሻል አፍ የገባ ነገር ሁሉ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አልፎ የገባ መሆኑን ገብረመድኅን ያስተዋለው ቆይቶ ነው። የዚያን ጊዜ የሚታየው የደርበው አፍንጫ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በጸበሉ ነው። ወይዘሮ ለተሰንበት ጸበሉን ራሳቸው ከሩቅ ገዳም አስመጡት። የመጣበት ዕቃ ሣር የለበሰ የጣሊያን ወይን ጠርሙስ፣ ፊያስኮ ስለነበር፣ ገብረመድኅን መጀመሪያ ሲያየው ለእሱ የመጣ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። ይመኙሻል ጠዋት ጠዋት ትጠጣለች፤ ፊቷን ትታበስበታለች፤ ትረጋጋለች። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ታዲያ ወይዘሮ ኣምለሰት ልቅሷቸውን ቢከለከሉ ምክር ይዘው መጡ፦ «ጸበል የያዘ ሰው እኮ መርፌ አይወጋም። መርፌ ሲገባ ጸበሉ ይርቃል። ሁለት ልብ አይወድም።»

ይህን የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በየጸበሉ ቦታ ይባላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይመኙሻል ሰምታ ታልፈው ነበር። የዚያን ሰሞን ግን የመርፌው ግማሽ ገና ይቀራታል። በጠዋት ስትነሳ ጠጉሯ ትራሱ ላይ ቀርቶ አገኘችው። ሰብስባ በፎጣ ጠቀለለችው፤ ሻሿን አሰረች፤ ባሏን ጠራችው።

«ገብሬ፣ በቃኝ። የሚያመኝን ቆርጠው አወጡት። አሁን የሚያመኝ መድኃኒቱ ነው። ጸበሌን ይዤ እቀመጣለሁ።»

ዶክተሩ መጀመሪያውኑ ተናግረዋል፤ መርፌው ግማሽ ላይ ከቆመ የተደበቀ የእጢው ዘር ካለ ይነሳል፣ ሁለተኛ ከተነሳ ደግሞ ቢላዋ አይደርስበትም። ገብረመድኅን ለመናት። ተቆጣት። እንደገና ለመናት። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ አልጋው ወደ ሌላ ከዞረ በኋላ እንኳ።

ባርኔጣውን ሳያደርግ እዳጋ ሓሙስ ድረስ በእግሩ ወረደ። ወይዘሮ ለተሰንበት ስፒል በአፋቸው ይዘው የሰርግ ቀሚስ ይጠልፉ ነበር። በሕይወታቸው ዝም የሚሉበት ሰዓት ይህ ብቻ ነውና ያለውን ሁሉ አለ።

«የእርስዎ ውሃ ነው። የእርስዎ "የተፈተነ" ነው። ሚስቴ መርፌውን ተወች። እርስዎ ያመጡትን እርስዎ ይመልሱ፤ አለዚያ እኔ ቤት እንዳይደርሱ።»

ስፒሎቹን ከአፋቸው አወጡ። ነጠላቸውን አነሱና ከፊቱ ቀድመው ወጡ።

ቤቱ ጠያቂ ሞልቶበታል፤ ወይዘሮ ኣምለሰትም ከአልጋው አጠገብ ያለችውን ወንበር ይዘዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መድኃኒት የሚጠይቀው ወይዘሮ ለተሰንበትን ነው፤ ዛሬም ፍርዱን የሚጠብቀው ከእሳቸው ነው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ መርፌውን ተውሽው አሉ።»

«ጸበሉን ይዣለሁ፣ እትዬ። ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት። የተፈተነ ነው ብለውኛል።»

ወይዘሮ ለተሰንበት ቆመው አዩዋት። ሻሿን አዩ።

«እኔ በሐኪም ሥራ አልገባም» አሉ።

ቤቱ «ግን»ን ጠበቀ። ሻሂ የያዘው ሻሂውን እንደያዘ ጠበቀ። «ግን» አልመጣም።

«ግን?» አለች ይመኙሻል።

«ግን የለም። መርፌው የዶቶሩ ነው።»

«ዝንጅብሉስ?»

«ማቅለሽለሽ ያስታግሳል። ከመንሽሮ ጋር ትውውቅ የለውም።» መንሽሮ በትግርኛ የዚያ በሽታ ስም ነው፤ በዚያ ቤት ጮክ ብሎ የጠራው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ጥቁር አዝሙዱስ?»

«ለዳቦ ነው። ዶቶሩ ነግሮናል።»

«ነጭ ሽንኩርቱስ?» አለ ገብረመድኅን ከበሩ።

«እሱ ለምንም አይሆንም። አንተ ሥራ እንድትይዝ ብዬ ነው።»

ጠያቂው ሁሉ ሳቀ። ይመኙሻል ግን አልሳቀችም። «ጸበሉስ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ጸበሉ ጸበል ነው፤ ጠጪው። እግዚአብሔር ከዶቶሩ ጋር ተኳርፏል ያለሽ ማን ነው?» ወይዘሮ ኣምለሰት የነጠላቸውን ጫፍ ማየት ጀመሩ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሲያደርጉኝ ነበር?»

ወይዘሮ ለተሰንበት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ዶቶሩ እጢውን ይዟል። አንቺን ማን ይያዝሽ? እኔ የያዝኩት አንቺን ነው። ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ ፊያስኮውን ይዘሽ ጠብቂኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት የገነቡትን ሹመት በአንድ ከሰዓት፣ ያውም በኣምለሰት ፊት፣ አውልቀው አስቀምጠው ወጡ። ማግስቱን ይመኙሻል ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከፊያስኮው ጸበሏን ተጎነጨች፤ አማተበች፤ ገብታ ተወጋች። ገብረመድኅን ውጭ ሆኖ ራሱን በእጁ ይዞ ተቀምጧል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ድምፅ ሰማ፤ አስታማሚዋን ነርስ አስቁመው፦ «እኔ በሐኪም ሥራ አልገባም፤ ግን ይህ እግርሽ ለምን አበጠ?»

ያቺን «ግን» ሲሰማ እንባው መጣ። ሹመታቸው ተመልሷል ማለት ነው።

እንግዲህ ዛሬ ምንም የለም ተብሏል፤ እሳቸው ግን አልሰሙም። ከትናንት ጀምሮ በምጽዋ መንገድ ማይ ውዑይ ወርደዋል፤ ለይመኙሻል ክንድ ፍል ውሃ ሊያመጡ። ዶክተሩ፣ «ለብ ብሎ ከሆነ» ብለው ፈቅደዋል። አውቶቡሱ እዳጋ ሓሙስ የሚገባው ወደ ማታ ነው። ገብረመድኅን ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «አንተ ሂድና ንገርልኝ። እኔ አፌን ስከፍት አለቅሳለሁ» አለኝ።

ሲሰሙ የሚሉትን አውቃለሁ። ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው፣ «ዝንጅብሉ ነው» ይላሉ። ዛሬ ግን ይህንኑ እኔ ቀድሜ እላቸዋለሁ። ገብረመድኅንም ከበሩ ከወጣ በኋላ መለስ ብሎ፣ «ነጭ ሽንኩርቱም ሠርቷል በልልኝ» አለ።

አውቶቡሱ አሁን ዳገቱን ሳይጨርስ አልቀረም። ፌርማታው ላይ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሂድ።